አባ ቆርቆሮና የዳገቱ ሰፈር ውሃ

በዳገቱ ሰፈር ቀና ብሎ ጣሪያ ያየ ሰው የአባ ቆርቆሮን የእጅ ሥራ አየ ማለት ነው። ከታች ከመንገዱ ዳር ጀምሮ ሽቅብ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ፣ አብዛኛውን ቤት የከደኑት እሳቸው ነበሩ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ በስማቸው የሚጠሯቸው ሲናደዱ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ አባ ቆርቆሮ ናቸው። በደኅናው ዘመን መሰላል ቢጠፋ በግድግዳ ተንጠላጥለው ጣሪያ ላይ የሚወጡ፣ ሚስማር በከንፈራቸው ነክሰው የሚያንጎራጉሩ፣ ከላይ ሆነው የመንገዱን አላፊ አግዳሚ ሁሉ በነገር የሚወጉ ሰው ነበሩ።

አንድ ማለዳ ግን፣ ጤዛ ያረጠበው የመጋዘን ጣሪያ ላይ እግራቸው ከዳቸው። ዳሌያቸው ተሰበረ። ተኝተው ከርመው በምርኩዝ ተነሡ። አጥንቱስ ገጠመ፤ ልባቸው ግን እዚያው መጋዘኑ ሥር እንደተዘረረ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ መቆም እንኳ አቃታቸው። አንድ እግራቸውን ከፍ አድርገው መልሰው መሬት ያሳርፉታል። አምፖሉን የሚቀይሩት ባለቤታቸው ሆኑ።

“እኔ ያገባሁት ጣሪያ ላይ ውሎ የሚገባ ሰው ነበር፤ አሁን ወንበር የሚፈራ ባል አመጡልኝ” እያሉ ይቀልዳሉ ባለቤታቸው። አባ ቆርቆሮም ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ከአንገት በላይ ነው።

ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። በራፋቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ ኩባያ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የአሸዋ ወንፊት ይሠራሉ። ከእሳቸው ጋር ከባለቤታቸው ሌላ ምራታቸው ትኖራለች። አንድያ ልጃቸው የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። ምራታቸው የልብስ ሱቅ ሻጭ ነበረች፤ ሱቁ ሲዘጋ ቤት ዋለች። ይህች ልጅ ከመናገሯ በፊት ትስቃለች፣ ከሳቀች በኋላ ትናገራለች፣ መሃሉ ላይ ዝም የምትልበት ጊዜ የለም። አባ ቆርቆሮ ደግሞ ከወደቁ ወዲህ የዝምታ ወዳጅ ሆነዋል። ስለዚህ ምራትና አማት በአንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩም፣ እሷ ወሬ ስትጀምር እሳቸው መዶሻ ያነሣሉ።

የሰፈሩ ውሃ የሚቀዳው ከዳገቱ ግርጌ ካለችው አንዲት ቧንቧ ነበር። ቧንቧዋ ሲያሻት ትመጣለች፣ ሲያሻት ትቀራለች። የውሃ መሥሪያ ቤት ሰዎች በተጠየቁ ቁጥር “በእቅድ ተይዟል” ይላሉ፤ የት እንደተያዘ ግን የነገረን የለም ይላል ሰዉ። ጄሪካን በጀርባ አዝሎ ያንን ዳገት መውጣት የሰፈሩ ሴቶች የዘወትር ዕጣ ነበር። አንድ ቀን የአባ ቆርቆሮ ባለቤት ተሸክመው ሲወጡ ጠጠር አንሸራተታቸው፤ ወገባቸውን ቀጭ አደረጋቸው። ጎረቤት ደግፎ ቤት አገባቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይታ “ከእንግዲህ ሸክም የሚባል ነገር እንዳይነኩ” አለቻቸው።

ባለቤታቸው አልጋ ላይ እንዳሉ የዓመቱ ዝናብ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ አባ ቆርቆሮ አጠገባቸው ተቀምጠው ሻይ ያማስላሉ። ጣሪያው እንደ ከበሮ ይደለቃል።

“ትሰማለህ?” አሉ ባለቤታቸው።

“ምኑን?”

“ውሃውን ነዋ። እኔ ተሸክሜ ሳመጣው ወገቤ የተቀጨበት ውሃ፣ ይኸው በራሱ እግር ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ጣሪያዬን ረግጦ፣ ደህና ሁኑ ብሎ ቁልቁል ይሄዳል።”

“ምን ላድርገው? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ።”

“እሱን ተረት ያወጣው ሳይፈስ መያዝ ያቃተው ሰው ነው! አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ጣሪያ ስትከድን ዝናብ ስታባርር ኖርክ። አንድ ቀን እንኳ ግባ ብለኸው አታውቅም።”

አባ ቆርቆሮ ሻዩን አስቀመጡ። ወጥተው በራፉ ላይ ቆሙ። ከጣሪያቸው የሚወርደው ውሃ ግቢውን አቋርጦ፣ የሰውን አፈር እየጠረገ፣ ከሌላው ቤት ውሃ ጋር እየተቀላቀለ ወደ ገደሉ ይንደረደራል። ስንቱን ጄሪካን ይሞላ ነበር! ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት አላየሁትም ብለው በራሳቸው አፈሩ።

በማግስቱ ከጓሮ የተረፈ ቆርቆሮ አወጡ። በመቀስ ቆርጠው፣ በባቡር ሐዲድ ብረት ቁራጭ ላይ አስደግፈው፣ በእንጨት መዶሻ እያጎበጡ አሸንዳ ሠሩ። መገጣጠሚያውን በየዱት። ሥራው አማረ፤ ውሃው የሚወርድበት በርሜልም ከግድግዳው ጥግ አቆሙ። ከዚያ አሸንዳውን ታቅፈው ከጣሪያቸው ክፈፍ ሥር ሄደው ቆሙ፤ ቆመው ቀሩ። መሰላሉ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የመጀመሪያውን እርከን በእጃቸው ያዙት፤ እግራቸው ግን አልታዘዝ አለ።

ምራታቸው በመስኮት ታያቸው ኖሯል። ቀሚሷን ወደ ላይ አሸርጣ መጣች።

“አባባ፣ እኔ ልውጣ።”

“አንቺ? አንቺ እኮ የምታውቂው ቀሚስ መሸጥ ነው።”

“ቀሚስም ቢሆን የሚሰቀለው ከላይ ነው። ይልቅ መሰላሉን ይያዙልኝ።”

እሺም እምቢም ሳይሉ ወጣች። አባ ቆርቆሮ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከላይ የሚሰማቸው የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እንደ ልማዷ አታቋርጥም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬዋን ወደዱት፤ ዝም ካለች ወደቀች ማለት ነበርና።

“ወደ ግራ ሳቢው!” ይላሉ ከሥር።

“በእርስዎ ግራ ነው በእኔ?”

“በውሃው ግራ! ወደ በርሜሉ ነው የምልሽ!”

ውሃ ልኩን አቀበሏት፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ እስክትቆም አስተካከለችውና “ልክ ሆነ!” አለች በኩራት።

“ልክ ከሆነማ ተበላሸ። ውሃው ተኝቶበት የትንኝ መራቢያ ይሆናል። በየክንዱ አንድ ጣት ዝቅ አድርጊው።”

“ውይ! ስሙ ውሃ ልክ፤ ውሃው የሚሄደው ግን ልክ ባልሆነው ነው?”

“አዎ፤ ለውሃ ትንሽ ማዳላት ግድ ነው።”

ሳቀች። አባ ቆርቆሮም ሳቁ። ይኼኛው ከአንገት በላይ አልነበረም።

ዝናቡ ሲመጣ በርሜሉ ሞልቶ ተረፈ። ባለቤታቸው ከአልጋቸው ሆነው ውሃው ሲንፎለፎል እየሰሙ ፊታቸው በራ። ጎረቤት አየ፤ ጎረቤት ጠየቀ። “ለእኔም” “ለእኔም” ሆነ። አባ ቆርቆሮ ከሥር ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ፤ ምራታቸው ከላይ ትሰቅላለች። ክረምቱ ሳያልቅ የአንድ መንገድ ቤቶች ሁሉ አሸንዳ አወጡ። ችግሩ በርሜል ምን ያህል ይይዛል? ዝናቡ ባባራ በሳምንቱ ሰው ሁሉ ተመልሶ ጄሪካኑን አዝሎ ቁልቁል ወረደ።

የወፍጮ ቤቱን ነገር ያነሣችው ምራታቸው ናት፤ ያውም ቧንቧው ጋ ወረፋ ይዛ። ወፍጮው ከቆመ ቆይቷል። ጣሪያው ግን የሰፈሩን ቤት ሁሉ ጣሪያ ቢያስንቅ እንጂ አያንስም። “ያንን ጣሪያ አሸንዳ ብናለብሰው፣ ከጎኑ ትልቅ የግንብ ገንዳ ብንቆፍርለት፣ በጋውን ገፋ እናደርገው ነበር” አለች። ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች ጄሪካናቸውን ጥለው ከበቧት። ባለወፍጮዋ ባልቴት ዘንድ አብረው ሄዱ።

“ጣሪያውን ውሰዱት” አሉ ባለወፍጮዋ። “አሁን የሚቀመጥበት ርግብ ነው። አንድ ነገር ብቻ እንነጋገር፤ ጠብ አልወድም። ተጣልታችሁ አንድ ቀን በሬን ብታንኳኩ፣ አሸንዳውን በገዛ እጄ ነው የምነቅለው።”

ሥራው ተጀመረ። አካፋ ያለው አካፋውን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይዞ መጣ። ከወንዙ አሸዋ በማዳበሪያ እየተሞላ በትከሻ ወጣ፤ ከፈረሰ አጥር ድንጋይ ተለቀመ። የሰፈሩ ግንበኛ ገንዳውን ሊገነባ ቃል ገባ። ሽማግሌው ጫማ ሰፊ ብቻ ነበር የሚያላግጠው። ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ቁልቁል ግድም ስለሆነ፣ የቁፋሮው አቧራ ሁሉ እሱ ቤት ይገባል። ከበራፉ ሆኖ “ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ!” ይላቸዋል። ሰዉም “አንተ ጫማህን ስፋ!” ይለዋል።

ገንዳው ተገንብቶ፣ ተለስኖ፣ ከጣሪያው አሸንዳ ጋር በቱቦ ተገናኝቶ አለቀ። የበልግ ዝናብ አንድ ቀን ሙሉ ጣለ። ሲመሽ ገንዳው እስከ አፉ ሞላ። ሰው በጃንጥላም ያለ ጃንጥላም ወጥቶ አየው። ግንበኛውን አቀፉት፤ ምራታቸውን ሴቶቹ ሳሟት፤ አባ ቆርቆሮን እንኳ አንድ ሁለቱ ሊሸከሟቸው ሲሞክሩ “መሬት ላይ ተዉኝ!” ብለው ጮኹ።

በነጋታው ገንዳው ባዶ ነበር።

ውሃው የት እንደሄደ ለማወቅ ብዙ መሄድ አላስፈለገም። ከጫማ ሰፊው ቤት ጩኸት ተሰማ። ሰዉ ሮጦ ሲደርስ፣ ጫማ ሰፊው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ውሃ መሃል ቆሟል። ለጥገና የመጣ የሰው ጫማ በዙሪያው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ግራው ካንዱ ጥግ፣ ቀኙ ከሌላው።

የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ከዚያ ምራታቸው ጎንበስ ብላ ጫማ መልቀም ጀመረች። አንዷ ባልዲ አመጣች፤ ሌላው ቆዳውን አውጥቶ አጥር ላይ ሰጣ። እኩለ ቀን ሲሆን ቤቱ ተጠርጎ፣ ወለሉ ደርቆ፣ ጫማው ሁሉ ከነጥንዱ ተደርድሮ ነበር። ጫማ ሰፊው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው ቆየ። አሁን ይሰድበናል፣ ቀጥሎም ይከሰናል ብለው ጠበቁ።

“ሥሩት” አለ በመጨረሻ።

“ምን አልክ?” አሉ አባ ቆርቆሮ።

“ገንዳውን ነው የምለው፤ እንደገና ሥሩት። እኔን ለማጥለቅለቅ ያልሰነፈ ውሃ፣ ለመጠጣትም አይሰንፍም። አሁን ግን የመጣበትን ቀዳዳ ፈልጉልኝ።”

ቀዳዳውን ለማየት መውረድ ያስፈልግ ነበር። ግንበኛው መሰላል አግብቶ ቀድሞ ወረደና “ጋሼ፣ ይኼን በእርስዎ ዓይን ማየት አለብዎት፤ የቱቦው መግቢያ ጋ ነው” አለ። አባ ቆርቆሮ የገንዳው አፍ ላይ ቆሙ። ሽቅብ የፈሩትን መሰላል ቁልቁል እንዴት ይሞክሩት? ምራታቸው አጠገባቸው መጥታ፣ “አባባ፣ ቢወድቁም የሚወድቁት ግንበኛው ላይ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ አይጎዳዎትም” አለቻቸው።

“ሰማሁ!” አለ ግንበኛው ከታች።

እየሳቁ ሳለ አንድ እግራቸው እርከን ረገጠ። ሁለተኛው ተከተለ። መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጨምቀው፣ እርከኑን በእግራቸው እየፈለጉ ወረዱ። ከታች ሲደርሱ የግንበኛውን ትከሻ ጨብጠው ጥቂት ቆዩ፤ እሱም ያላየ መሰለ። ስንጥቁ ከቱቦው መግቢያ ጀምሮ እስከ ወለሉ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል።

“ልስኑ ነው” አለ ግንበኛው። “ሲሚንቶ እንደ ሕፃን ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጧትና ማታ ካላጠጣኸው ይሰነጣጠቃል። እኛ ደግሞ ውሃ እንቆጥብ ብለን አስጠማነው።”

እንግዲህ እዚህ ላይ ነገሩ ተወሳሰበ። ስንጥቁ ተከፍቶ እንደገና ይለሰን፣ ይሁን። ልስኑ እንዳይደርቅ ግን ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ እስኪገዛ ድረስ ደግሞ ዝናቡ ካባራ፣ ቧንቧውም ከመጣ ሰንብቷል። በየቤቱ ያለው የመጨረሻው የበርሜል ቅሪት ብቻ ነው። ሰዉ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ይህን ሰማ። ውሃ ለማግኘት ውሃ ስጡ ማለት ለጠማው ሰው እንዴት ይነገራል? አንዱ ወደ ሰማይ አየ። አንዷ ልጇን አዝላ ቀስ ብላ ዞር ማለት ጀመረች።

በዚህ መሃል የአባ ቆርቆሮ ባለቤት መጡ። ወገባቸውን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው እጅ ባላቸው የሠሩላቸውን ትንሽ ማንቆርቆሪያ አንጠልጥለው፣ በየአምስት እርምጃው እያረፉ።

“ሸክም እንዳትነኪ አልተባልሽም?” አሉ አባ ቆርቆሮ ደንግጠው።

“ይኼ ሸክም አይደለም፤ ሻይ የማፈላበት ነው። ዛሬ ሻይ ይቅርብን።” ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ማንቆርቆሪያውን ለግንበኛው አቀበሉት። “በል አጠጣልኝ። ወገቤን የሰጠሁት ለውሃ ነው፤ ይኼማ ምን ያቅተኛል።”

በማግስቱ ጧት ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ሰልፍ ነበር። ቧንቧው ጋ እንደሚደረገው ሰልፍ፤ ልዩነቱ ይኼኛው ለመቅዳት ሳይሆን ለመስጠት መሆኑ ነው። በጣሳ፣ በኩባያ፣ በጠርሙስ መጣ። ሴቶቹ የልጆቻቸውን ፊት ብቻ አጥበው ያጠቡበትን ሳይቀር ይዘው መጡ። ጫማ ሰፊውም ጠቆር ያለ ውሃ በጣሳ ይዞ ተሰለፈ።

“ምንድን ነው ይኼ?” አለችው ምራታቸው።

“ቆዳ የነከርኩበት ነው። ሲሚንቶ ሽታ አይጠየፍም ብዬ ነው።”

ግንበኛው አሸተተና ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ለውጭው ግድግዳ ተቀበለው። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። አባ ቆርቆሮ በየጧቱ በመሰላሉ ይወርዳሉ፤ ልስኑን በእርጥብ ማዳበሪያ ይሸፍናሉ፤ በመዳፋቸው ይዳብሱታል። መሰላሉን ጨምቀው መያዛቸውን መቼ እንደተዉ እሳቸውም አላስተዋሉም። ጣሪያ ላይ ግን ዳግመኛ አልወጡም፤ አልፈለጉምም።

ዝናቡ ተመለሰ። ገንዳው ሞላ። ያን ሌሊት የሰፈሩ ሰው በደንብ የተኛ አይመስልም፤ ጎህ ሲቀድ የገንዳው አፍ ላይ ያልመጣ አልነበረም። ውሃው እንደሞላ ነበር። ጫማ ሰፊው ከታች ከበራፉ ሆኖ “ደረቅ ነኝ!” ብሎ ጮኸ፤ ሰዉም በሳቅ ፈነዳ።

ሁሉ ነገር ተሟላ ማለት አይደለም። በጋው ሲጠና ገንዳው ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ሰው ወደ ቧንቧዋ መውረዱ አልቀረም። ልብስ ይታጠብበት አይታጠብበት በሚል ሁለት ጎረቤታሞች ተኳርፈው፣ ባለወፍጮዋ ጉጠት ይዘው ወደ አሸንዳው ሲሄዱ ነው የታረቁት። ቢሆንም ብዙ ነገር ተለወጠ። ከገንዳው ተርፎ የሚፈሰውን ውሃ በቦይ መርተው፣ በየመደቡ ጎመንና ቲማቲም ተከሉ፤ ችግኝ ከቤት ቤት ይለዋወጣሉ። ባዶው ወፍጮ ቤት የአባ ቆርቆሮ መሥሪያ ሆነ። ምራታቸው ሁለት የሰፈሩን ሴቶች ጣሪያ ሥራ አስተምራ ቡድን መሠረተች። አሁን ሰው “ጣሪያው አፈሰሰ፣ ማንን ልጥራ?” ሲል መልሱ “ጣሪያዋን ጥራ” ነው። ስሟ ጣሪያዋ ሆነ።

ልጃቸው ከመንገድ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሚስቱን ያገኛት የሰው ጣሪያ ላይ ሚስማር ነክሳ ነበር። ደነገጠ፤ ከዚያ ኮራ፤ ከዚያ ደግሞ ተከዘ። ራት ላይ ነገሩን አወጣው። በትልቁ ከተማ ውሃው ቤት ውስጥ የሚገባ ሁለት ክፍል አግኝቷል፤ ሊወስዳት ነው የመጣው።

ምራታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። አባ ቆርቆሮ የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሱት። ሆኖም በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሲገናኙ እንዲህ አሏት፤ “ልጄ፣ በእኛ የተነሣ እንዳትቀሪ። እኛ ያለውን ይዘን እንኖራለን። ባልሽ ጋ ሂጂ።”

“አባባ፣ እዚያ ቤት ቧንቧውን ስከፍት ውሃ ይመጣል አይደል?”

“ይመጣል።”

“ከዚያስ ምን ልሥራ?” አለች። ስቃ ነበር፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። “ቧንቧ ከፍቼ ቁጭ ልበል? እዚህ እኮ ስሜን ያገኘሁት ጣሪያ ላይ ነው። እሱ ይምጣ። መኪናው ወደዚህም መንገድ ያውቃል።”

ልጃቸው ኩርፊያውን ይዞ ሄደ። በስልክ ተጨቃጨቁ፤ ተነፋፈቁ፤ እንደገና ተጨቃጨቁ። ከብዙ ወራት በኋላ በአቅራቢያው ካለው የእህል መጋዘን ጭነት የሚያመላልስ ሥራ አገኘ። አሁን በየሳምንቱ ቤቱ ይገባል፤ ሲገባም ሚስቱ መሰላል ታስይዘዋለች።

የአዲሱ ክረምት ዝናብ አንድ ጧት ሳይታሰብ መጣ። ሰው ካለበት እየሮጠ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ውሃ የከረመውን አቧራና የርግብ ኩስ ጠርጎ ስለሚወርድ ወደ ገንዳው አይገባም፤ ቱቦው ወደ ውጭ ዞሮ መሬት ላይ ይፈሳል። ምራታቸው የቱቦውን ክርን ይዛ ቆማለች፤ አባ ቆርቆሮ አጠገቧ ናቸው።

“አሁንስ?” አለች።

አባ ቆርቆሮ መዳፋቸውን ሰደዱ። ውሃው ቡናማ ነው። “ገና ነው።”

“አሁንስ?”

“አትቸኩይ፤ ይታጠብ።”

ሰዉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ግንበኛው ከገንዳው አፍ ክዳኑን አንሥቷል። አባ ቆርቆሮ እንደገና መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ውሃው ጣቶቻቸው መሃል ጠራ፤ የእጃቸው መስመር እስኪታይ ድረስ ጠራ። ወደ አፋቸው አስጠግተው ቀመሱት።

“አሁን” አሉ።

ምራታቸው ቱቦውን አዞረችው።